የአነስተኛ ድርጅቶች ድረ ገጽ በጀት፤ ከግንባታ ዋጋ ባሻገር

አንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ ገጽ ለማሠራት ሲያስብ በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ምላሹ በግንባታው ዋጋ ላይ ብቻ ያተኩራል። ድረ ገጽ ግን አንድ ጊዜ ተገዝቶ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን በየዓመቱ ክፍያና ክትትል የሚሻ አገልግሎት በመሆኑ በጀቱም በዚሁ አግባብ ሊያዝ ይገባል። ይህንን መገንዘብ ለድርጅት ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን ለኢንተርፕራይዞች የምክርና የድጋፍ አገልግሎት ለሚሰጡ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ጠቃሚ ነው።

የድረ ገጽ ወጪ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣው ሲሆን የዲዛይንና የግንባታ ሥራን፣ የጽሑፍና የፎቶግራፍ ዝግጅትን እንዲሁም የሠራተኛ ሥልጠናን ያካትታል። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚደጋገመው ሲሆን የዶሜይን ስም ዕድሳትን፣ የሆስቲንግ ክፍያን፣ የቴክኒክ ጥገናንና የመረጃ ማሻሻያ ሥራን ይይዛል።

ለአብነት ያህል አንድ የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት ለግንባታ 50 ሺህ ብር፣ በየዓመቱ ደግሞ ለዶሜይንና ለሆስቲንግ 15 ሺህ፣ ለጥገና 12 ሺህ፣ ለመረጃ ማሻሻያ 9 ሺህ ብር ያስፈልገዋል እንበል። ዓመታዊ ወጪው 36 ሺህ፣ የሦስት ዓመቱ ደግሞ 108 ሺህ ብር ይሆናል። ግንባታው ሲታከልበት ጠቅላላ ወጪው 158 ሺህ ብር ይደርሳል። አኃዞቹ ለማሳያ የቀረቡ ቢሆኑም፣ የግንባታውን 50 ሺህ ብር ብቻ በጀት የያዘ ድርጅት ከትክክለኛው ወጪ አንድ ሦስተኛውን እንኳ እንዳላሰበ ያመለክታሉ። ግንባታውን የሚያከናውነው ድርጅት የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆነ፣ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱ በውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ካልተካተተ በ50 ሺህ ብር ላይ 7 ሺህ 500 ብር ይጨመራል።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የውጭ ምንዛሪ ነው። ከውጭ አገር አቅራቢዎች የሚገዙ የዶሜይንና የሆስቲንግ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚከፈሉት በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረ ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዓመት 100 ዶላር የሚከፍል ድርጅት ወጪው ከ5 ሺህ 700 ብር ወደ 10 ሺህ ብርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎበታል ማለት ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለው ወጪ በዕቅድ ላይ በዶላር ተመዝግቦ በብር የሚሰላው በወቅቱ የባንክ ተመን መሠረት ቢሆን፣ መጠባበቂያም ቢያዝለት ይመረጣል።

በአንጻሩ ሊቆጠቡ የሚችሉ ወጪዎች አሉ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰራጨው ወርድፕሬስ ለአነስተኛ ድርጅት ድረ ገጽ በቂ ነው። የጎብኚዎችን የመረጃ ልውውጥ የሚጠብቀው የደኅንነት ሰርተፊኬትም ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይገኛል። ስለሆነም ክፍያው የባለሙያውን ጉልበትና ጊዜ የሚመለከት እንጂ በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ዋጋ ሆኖ መቅረብ የለበትም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የዶሜይን ስም ነው። ነጥብ ኮም የሚል መጠሪያ ከ1 እስከ 10 ዓመት ለሚደርስ ጊዜ ሊመዘገብ ይችላል። ሳይታደስ ቀርቶ በመዝጋቢው ከተሰረዘ ለ30 ቀናት ተጨማሪ ክፍያ ተፈጽሞበት ሊመለስ የሚችል ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንኛውም ሰው ሊወስደው ይችላል። በቢዝነስ ካርድ፣ በማሸጊያና በማስታወቂያ ላይ የታተመ አድራሻ በሌላ እጅ ሲገባ የሚደርሰው ጉዳት ከዕድሳቱ ክፍያ እጅግ የላቀ ነው። ስሙም ሆነ የይለፍ ቃሉ በድረ ገጹ ሠሪ ሳይሆን በድርጅቱ ስም ሊያዝ ይገባል። የኢትዮጵያ መለያ የሆነውን ነጥብ ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ይህ ጉዳይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 የሚጀምር በመሆኑ የዕድሳት ቀኑ በሐምሌ ወር የሚውል ድረ ገጽ፣ አዲሱ በጀት ተለቆ ክፍያ እስኪፈጸም ሊቋረጥ ይችላል። ዕድሳቱን ቀደም ብሎ በግንቦት መፈጸም ወይም ለተወሰኑ ዓመታት በአንድ ጊዜ መክፈል ችግሩን ያስወግዳል።

በመጨረሻም ሁሉም ድርጅት ድረ ገጽ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ደንበኞቹ በአካባቢው ለሚገኙ ሱቅ የቴሌግራም ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ሊበቃ ይችላል። ለውጭ ገዢ ምርቱን ለሚያቀርብ ቡና ላኪ ወይም እንግዳ ለሚቀበል ሆቴል ግን የራሱ አድራሻ መኖሩ ተአማኒነትን ያስገኛል። የደንበኞችን ስምና ስልክ የሚመዘግብ ከሆነም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጥለውን ግዴታ ከወዲሁ ሊያጤን ይገባል። ባለሙያዎችም ድርጅቶችን ሲያማክሩ ድረ ገጹ በስንት ይሠራል ከሚለው ይልቅ በሦስተኛው ዓመት ወጪው ከየት ይሸፈናል የሚለውን ጥያቄ ቢያስቀድሙ፣ ተሠርተው ብዙም ሳይቆዩ የሚዘጉ ድረ ገጾችን ቁጥር ለመቀነስ ይረዳል።