ከጫቱ ይልቅ ጨብሲው

በኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከሰዓት በኋላ በአየር ጤና ወይም በአጠና ተራ በኩል ያለፈ ሰው ጫት ሻጮቹን ሳያይ አይቀርም። እስሩ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ውኃ ተርከፍክፎበት ተደርድሯል። ኮባውና ውኃው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ወዳጆቼ፣ ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይዤ ካላስረዳሁ አይሆንልኝም።

ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ለይቶ አወቀው። አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ አንጎል ዶፓሚንን በብዛት እንዲለቅ ያደርጋል። ምርቃና የምንለው ያ ነው፤ ጨዋታው ይደምቃል፣ እቅዱ ይበዛል፣ ረሃቡ ይጠፋል። ካቲኖን ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲን ወደሚባል በጣም ደካማ ነገር ይለወጣል። እስሩ በኮባ የሚጠቀለለውና ውኃ የሚርከፈከፍበት፣ ከወልቂጤ አቅጣጫ በጅማ መንገድ የሚመጣው የጫት መኪና እንደዚያ የሚከንፈው፣ የትናንቱ ቅጠል ዛሬ ፈላጊ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ጫት መቃም የኮልፌ ቀራኒዮ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ ጎልማሶችን አጥንተው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት፣ ግማሽ ያህሉ በዚያን ጊዜ ይቅሙ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ከመሸ በኋላ የሚመጣው ነው። ቃሚው ገረባውን ጥሎ ሲነሳ ልቡ ይመታል፣ ሐሳቡ ይሮጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይም አረቄ ይጨመራል። ይህ ነው ጨብሲ። በማግስቱ ሰውነት ይደክማል፣ ሐራራው ይነሳል፣ ለመንቃት እንደገና ጫት ይገዛል፤ ለመተኛት እንደገና ይጠጣል። በዚህ መሃል ሰውየው ራሱን የሚቆጥረው ቃሚ ብሎ ነው። ጠጪ መሆኑን ልብ አይለውም፣ ቤተሰቡም አይነግረውም።

የጫትና የመጠጥ ልዩነት የሚታየው ለማቆም ሲሞከር ነው። ጫት በድንገት ያቆመ ሰው ይደበታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሕይወት አያሳጣም። አልኮል ሌላ ነው። መጠጥ አንጎልን ስለሚያረጋጋ፣ ለወራት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎል ያንን ለመቋቋም ራሱን ከመጠን በላይ ያነቃል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ የሚገታው የለም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ የሌለ ነገር ይታያል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ሰው ይሞትበታል።

እንግዲህ «ክፍል ውስጥ ቆልፈን እናስተወዋለን» የሚለው የብዙ ቤት ውሳኔ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ አስቡት። ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ከመቆለፉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል? የመጀመሪያዋን መለኪያ ሲቀምስ ይረጋጋል? መልሱ አዎ ከሆነ መጠጡን ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ሐኪሙ መንዘፍዘፉን የሚከላከል እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጥቶ ቀናቱን ያሻግረዋል። ጠበል መሄድ የሚፈልግም ይሂድ፤ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከመቃሚያ ቤቶች አጠገብ ባሉ ግሮሰሪዎች ግን መታወቂያ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም። ይህ ቸልተኝነት ያናድደኛል፤ ጨብሲ በዚያ ዕድሜም ሊጀመር ይችላልና።

ለኮልፌ ሰው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ወንድማችሁ ወይም የሰፈር ልጅ «እኔ የምቅመው ብቻ ነው» ሲላችሁ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚጠጣ ሳትቆጡ ጠይቁት፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አትላኩት፣ አብራችሁት ሂዱ።