የመጨረሻው ምሽግ፦ ክፍል ሦስት፣ ቁልቋል በር

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ኮሎኔል ማርዮ ጎኔላ በረሃብ የተዳከመውን ጦሩን ይዞ የወልከፊትን ምሽግ አስረከበ። በደባርቅ በኩል ያለው በር ተከፈተ። ጎንደር ግን ገና በጥሊያን እጅ ናት።

ይህን ዛሬም ብዙ ሰው አያስታውሰውም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ እልልታው ቀለጠ፤ ለጎንደር ሰው ግን ያ ነፃነት ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ነበር። በግንቦት አምባላጌ ላይ የጥሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን እጁን ሲሰጥ እንኳ ጄኔራል ጉሊዬልሞ ናሲ ከጎንደር አልተነቃነቀም። ዙሪያውን በተራራ ታጥሮ፣ ወደ 40 ሺህ የሚደርስ ጦር ይዞ ተቀመጠ። እንደሚያሸንፍ አስቦ አልነበረም። እንግሊዝ ለሊቢያ በረሃ የምትፈልገውን ጦር እዚህ ደጋ ላይ አስሮ ለማቆየት ነበር። የዓለም ጦርነት ቋጠሮ፣ ጎንደሬ ሳይጠየቅ፣ ጎንደር ላይ ተቋጠረ።

ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ሲመጣ መንገዱ በሁለት ጠባብ በሮች ያልፋል፤ ፈርቃ በርና ቁልቋል በር። ጥሊያን ቁልቋል በርን በዋሻና በድንጋይ ካብ አጠናክሮ ካራቢኜሪዎችን፣ ጥቁር ሸሚዞችንና አገሬውን ወታደር አሰልፎበታል። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል አውጉስቶ ኡጎሊኒ ነው። ኅዳር 4 ቀን የተሰነዘረው ጥቃት ብዙ ደም ፈሶበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ ልቤ ይከብደኛል። ከምሽጉ ውስጥ በጥሊያን ደመወዝ የሚተኩስ አበሻ አለ፤ ከምሽጉ ውጭ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ከመጡት የእንግሊዝ ጦር ወታደሮች ጎን፣ አምስት ዓመት በዱር የኖረ አርበኛ አለ። በአንድ ቋንቋ ይሰዳደባሉ፤ ሲቆስሉም የሚጠሩት ያንኑ ታቦት ነው።

ኅዳር 12 ዓርብ ዋለ። የሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ ደግሞ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ሆኗል፤ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። በዚያ ዕለት የቁልቋል በር ተራራ ሲጨስ ያየ ሰው ግን የሚታጠነው ምን እንደሆነ አልጠፋውም። አውሮፕላኖች ከላይ ቦምብ ያወርዳሉ፣ መድፍ ድንጋዩን ይፈልጣል፣ እግረኛው በየአቅጣጫው ዳገቱን ይወጣል። ውጊያው ከምሽግ ምሽግ በጨበጣ ሆነ። ቀኑ ሳይመሽ ቁልቋል በር ወደቀ።

ወሬው ጎንደር ሲደርስ ናሲ የቀረውን ቆጠረ። በዚያ ሰሞን የሚበር አውሮፕላን እንደሌለው ያህል ነው። ጥሊያን ጠቅላይ ሰፈሩን የነገሥታቱ ግቢ ውስጥ ስላደረገ የእንግሊዝ ቦምብ ያንን ግቢ አልማረውም፤ የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ዛሬም ቢሆን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ጠባሳውን ያገኘዋል። ዐፄ ፋሲል ያስጀመሩት ግንብ በማናቸው ጠብ ነው የተመታው? ይህ ጥያቄ በልጅነቴም አልለቀቀኝም፤ አሁንም አልለቀቀኝም።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገባ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ኅዳር 18፣ ገና ሳይነጋ የእንግሊዙ ሜጀር ጄኔራል ፎውክስ ጦር ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ተነሣ። አርበኞችም አብረው ናቸው። ጎህ ሲቀድ በዳፍለቻ ጋራ ላይ መድፍ አጓራ፤ አምባዞም በጭስ ተሸፈነ።

ግን መንገዱ ፈንጂ ተቀብሮበታል። ብረት ለበሶቹ መኪኖች እርምጃቸው ተገታ። አርበኛ መኪና የለውም፤ የመንደሩን አቋራጭ ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ገደሉን ይወርዳል፤ አምስት ዓመት የቆየ ደምም አለበት።

ናሲ ከተማው ውስጥ ነው። ከጋራው የሚሰማው ተኩስ እየቀረበ መጣ። ነጭ ጨርቅ ቢያወጣ ማን ይቀበለዋል? ፎውክስ ወይስ ያ ከዱር የመጣው ሰው? ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው?

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከተማው ዳር የሞተር ድምፅ ተሰማ።

(ይቀጥላል)