ግብሩ ቢራውን ያገኛል፤ አረቄውንስ?

መንግሥት ከመጠጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ጠጪው እንዲቀንስ፣ ግብሩም እንዲበዛ። ሁለቱን የማስታረቁ ክርክር የቆየ ቢሆንም በአገራችን የጠነከረው ቢራ ወደ ውጭ ባለሀብቶች እጅ ከገባ ወዲህ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ለፈረንሳዩ ካስቴል ተሸጠ። በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን የሐረርንና የበደሌን ቢራ ፋብሪካዎች፣ በቀጣዩ ዓመት ዲያጆ ሜታን ገዛ። ፋብሪካዎቹ ሰፉ፤ የቢራ ማስታወቂያ በየቴሌቪዥኑና በየመንገዱ ሞላ። የአርሲና የባሌ ገበሬም ለብቅል ገብሱ ሰፋ ያለ ገበያ አገኘ። የገበሬው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ መጠጥን መገደብ ከሚከብድባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ከዚያ ሁለት ሕጎች መጡ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መሸጥንም ከለከለ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ኤክሳይዝ ታክሱ ከማምረቻ ወጪ ይልቅ በፋብሪካው መሸጫ ዋጋ ላይ እንዲሰላ አደረገ። ሕጉ ሲወጣ ቢራ 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን እንዲከፍል ተደንግጎ ነበር።

ዋጋ ሲወደድ ሰው መጠጥ እንደሚቀንስ በብዙ አገር ታይቷል። የሚቀንሰው ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 መጠጥ ከተወሰነ ዋጋ በታች እንዳይሸጥ ከለከለች። በአልኮል ሳቢያ የሚሞተው ሰው ሕጉ ባይኖር ሊሆን ከሚችለው አነሰ። በሱስ በተያዙት ላይ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም፤ አንዳንዶቹ ከምግባቸው ቀንሰው ጠጡ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ በር አለ። ቢራ የተወደደበት ሰው ወደ አረቄ መለኪያ ይዞራል። የአርሲ ነገሌም ሆነ የደብረ ብርሃን አረቄ በየጓዳው ይወጣል፤ ኤክሳይዝ አይደርስበትም፤ ጥንካሬውንም የሚለካ የለም። እንዝጋው ቢባል በአረቄ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ባዶ እጇን ትቀራለች። ዝም ቢባል ደግሞ ሌላዋ እናት የባሏ ደመወዝ አረቄ ቤት ሲቀር ታያለች። ከዚህ ሁሉ በጣም የሚያሳስበኝ የዚህች ሴት ቤት ነው፤ የታክሱ ሒሳብ እሷን አይቆጥራትምና።

ታክሱ ይቆይ፤ ወጣቱን ከጅምሩ ይገታልና። ሱስ የያዘውን ሰው የሚያወጣው ግን ሕክምና ነው፤ እሱም ከአዲስ አበባ ውጭ እጅግ ጥቂት ነው። ከቢራው ከሚሰበሰበው ግብር የተወሰነው በሕግ ለሱስ ሕክምና ይመደብ፤ አረቄ አውጪዋም ሌላ ሥራ የምትጀምርበት ብድር ታግኝ።