የቀለማት ጠርዝና የትምህርት መርጃ ሥዕሎች ዝግጅት

በአዲስ አበባ ከተማ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መሥመሮች አሉት። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው መሥመር በአረንጓዴ፣ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚያመራው ደግሞ በሰማያዊ ባቡሮች ሥራውን እንደ ጀመረ ይታወሳል። ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም አንሥቶ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ በኩል እስከ ልደታ ድረስ በጋራ ሐዲድ እንዲጠቀሙ ሆነው የተዘረጉ ሲሆን፣ ከልደታ በኋላ አንዱ ወደ ምዕራብ ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ይታጠፋል።

በልደታ አካባቢ ለማስተማር ልምምድ ተመድበው የነበሩ እጩ መምህራን ይህንኑ መለያያ ለ4ኛ ክፍል የካርታ ንባብ ትምህርት መልካም ምሳሌ ሆኖ ስላገኙት፣ በኮምፒዩተር ካርታ አዘጋጅተው ሁለቱን መሥመሮች በአረንጓዴና በሰማያዊ ጎን ለጎን አሰመሩ። የመሥመሮቹ ጠርዝ ሻካራ ሆኖ ስለታያቸውም በሥዕል ማረሚያው ሶፍትዌር አለሰለሱት። ካርታው በእርግጥ አማረ። ሕፃናቱ ግን በመካከል ያለው ሦስተኛው መሥመር ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁ። ጥያቄው ሊያስቅ ቢችልም ስሕተት አልነበረም፤ ሦስተኛ ቀለም በወረቀቱ ላይ ነበረና።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የኮምፒዩተር ሥዕል በምን እንደሚሠራ ማጤን ያስፈልጋል። ሥዕሉ ፒክስል ከሚባሉ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች የተደረደረ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ሲሆን፣ ቀለሙም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ተለክቶ ይመዘገባል። አግድም ወይም ቀጥ ብሎ የቆመ መሥመር በእነዚህ ነጠብጣቦች ላይ ያለ ችግር ይሰመራል፤ ያዘነበለው ወይም የታጠፈው ግን እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይታያል። እጩ መምህራኑ ያዩት ሻካራነት ይኸው ነበር።

ማለስለስ ማለት በጠርዙ ላይ ላሉት ፒክስሎች ከግራና ከቀኝ ካሉት ቀለማት የተመዘነ አማካይ መስጠት ነው። አረንጓዴው 0፣ 150፣ 0፤ ሰማያዊው 0፣ 112፣ 192 ነው እንበል። የሁለቱ አማካይ 0፣ 131፣ 96 ይሆናል። ይህ በካርታው መግለጫ ውስጥ ያልተጠቀሰ፣ ከሁለቱም የተለየ ቀለም ነው። ይህን አማካይ ቀለም የያዘው አንድ ፒክስል ብቻ ቢሆን ዓይን አይለየውም፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ሆኖ ይታየዋል እንጂ። ጉዳቱ የሚመጣው ማለስለሱ ሲሰፋ ነው። 600 ፒክስል ስፋት ያለው ሥዕል በ20 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ቢታተም እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ስድስት ፒክስል የሸፈነ ማለስለስ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ይፈጥራል ማለት ነው። ሕፃን ይህን መሥመር ነው ቢል የሚወቀስበት ምክንያት የለም።

የሥዕል መምህራን ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በውሃ ቀለም ቢጫና ሰማያዊ ሲደባለቁ አረንጓዴ እንደሚሰጡ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በኮምፒዩተር ግን 255፣ 255፣ 0 የሆነው ቢጫ ከ0፣ 0፣ 255 ሰማያዊ ጋር ሲማከል ሦስቱም ቁጥሮች 128 ገደማ ይሆናሉ፤ ውጤቱም ግራጫ ነው። ስለዚህ የቀለም ቅልቅል ትምህርት በለሰለሰ የኮምፒዩተር ሥዕል ቢሰጥ ተማሪው በብሩሽ ከሚያገኘው ጋር ይቃረናል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ከብዙ ዘመን በፊት አግኝተውታል። የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ተብሎ በሚታወቀው ስልት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው ጥቁር መሥመር ይከብባቸዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋው ሁለተኛው ስልት ደግሞ የፊትንና የልብስን ቅርጽ ከጨለማ ወደ ብርሃን ቀስ በቀስ በሚሸጋገር ቀለም ያሳያል፤ በጣና ሐይቅ ናርጋ ሥላሴ ያሉት ሥዕሎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሁለቱም ስልቶች ለክፍል ያገለግላሉ፤ ቦታቸው ግን የተለያየ ነው። ፍሬን ወይም የሰውን ፊት ለማሳየት መሸጋገሪያው ይጠቅማል። ለካርታ፣ ለሠንጠረዥና ለአካል ክፍሎች ሥዕል ግን በሁለቱ ቀለማት መካከል ቀጭን ነጭ ወይም ጥቁር መሥመር ማስገባት ይሻላል። እጩ መምህራኑ በአረንጓዴውና በሰማያዊው መካከል ነጭ ክር አስገብተው ካርታውን እንደገና ሲያዘጋጁ ሦስተኛው መሥመር ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ፊደላችን ነው። ቢ እና ቤ፣ ቂ እና ቄ የሚለዩት ከእግራቸው ሥር ባለች ምልክት ነው፤ ለአንዱ ጭረት፣ ለሌላው ቀለበት። ጽሑፉ ትንሽ ሆኖ ብዙ ቢለሰልስ የቀለበቱ ቀዳዳ በግራጫ ይሞላና ቤ ቢ ይመስላል። አዋቂ አንባቢ ቃሉን ስለሚያውቀው ሳያስተውል ያልፈዋል። የ1ኛ ክፍል ተማሪ ግን ከምልክቱ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለሆነም ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አብሮ መለስለስ የለበትም፤ ሥዕሉ ተለስልሶ ካበቃ በኋላ በላዩ ሊጻፍ ይገባል።

በመጨረሻ የፎቶኮፒ ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የባለ ቀለም ሥዕል ዕጣ በጥቁርና በነጭ መባዛት ነው። ኮምፒዩተር ቀለምን ወደ ግራጫ ሲለውጥ በተለመደው ስሌት ከቀዩ 0.299፣ ከአረንጓዴው 0.587፣ ከሰማያዊው 0.114 እጅ ወስዶ ይደምራል። ከላይ የጠቀስናቸው አረንጓዴና ሰማያዊ በዚህ ስሌት ሁለቱም 88 ይሆናሉ፤ ስለዚህ የሚለሰልስም የሚሻክርም ጠርዝ አይቀርም። መምህሩ ሥዕሉን ለማባዛት ከመስጠቱ በፊት በኮምፒዩተሩ ላይ ወደ ግራጫ ለውጦ ይመልከተው፤ መሥመሮቹ ከተመሳሰሉም አንዱን በቁርጥራጭ ጭረት ያስምረው።