እውነት ወይስ ተረት? ሞተሩ ሳይጠፋ በአውሮፕላን አጠገብ መሥራት

ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ አዘዞ ይወርዳል፤ የጎንደሩ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ያለው እዚያ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ታኮና ኮን ይዘው ሲጣደፉ ያያል። ስለ ሥራቸው ከሚወራው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ተረት ነው።

«ሞተሩ ካላገሳ ሰው አይስብም።» ተረት፤ ያውም ነፍስ የሚያስከፍል። የቦይንግ 737-800 ሞተር በሚኒሞ እየሠራ እንኳ ከፊቱና ከጎኑ 3 ሜትር ገደማ ሰው አይገባበትም። ኃይል ሲጨመር ክልሉ ይሰፋል። «ነፋሱ ሲጎትተኝ እሸሻለሁ» የሚል ካለም ይሳሳታል፤ ወደ ሞተሩ አፍ በተጠጉ ቁጥር ስበቱ በአንድ እርምጃ ልዩነት ብቻ በኃይል ይጨምራልና ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሠራተኛ ደግሞ ከሁለቱ ሞተሮች የትኛው እንደሚሠራ በድምፅ መለየት ይቸግረዋል።

«ደንቡን የሰማ አይጎዳም።» ይህንንም ተረት ለማለት እገደዳለሁ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2022 በአሜሪካ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ላይ አንድ ኤምብራየር 175 አርፎ ቆመ። ጅራቱ ላይ ያለው ረዳት ሞተር ስለማይሠራ የምድር ኤሌክትሪክ እስኪገናኝ ዋናው ሞተር መጥፋት አልነበረበትም። ሠራተኞቹ አስቀድመው ተነግሯቸዋል፤ ሞተር እየሠራ መሆኑን የሚያመለክተው የአውሮፕላኑ ቀይ ብልጭታም እየበራ ነበር። አንዷ ሠራተኛ ከኋላ በኩል በሞተሩ ግፊት ልትወድቅ ደርሳ ባልደረባዋ ጮኾ አስጠነቀቃት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮን ይዛ በሚሠራው ሞተር ፊት ስታልፍ ተሳበች፤ ሕይወቷም አለፈ። ማስጠንቀቂያ አልጎደለም። እኔ ከዚህ የምረዳው መስማት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ብልጭታው ሳይጠፋ ማንም እግሩን እንዳያነሣ የሚያስቆም ሥርዓት እንደሚያስፈልግ ነው።

«ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ይሻላል፤ ስለቱ ይታያል።» የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ የሚያበርረው ኪው400 በእያንዳንዱ ሞተር ስድስት ስለቶች አሉት፤ ክቡ ከዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር ይበልጣል። በፍጥነት ሲሽከረከር ግን ዓይን የሚያየው ስስ ጭጋግ ነው። እንደ ጄት ሞተር አይውጥም፤ ሰው ራሱ ነው የሚገባበት።

«በሞተሩ አፍንጫ ላይ የተሳለው ነጭ ጥምዝ ለወፍ ማስፈራሪያ ነው።» ለአማራ ክልል ሰው ይህ ተረት ልብ ላይ ቢቀመጥ አይደንቅም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የአየር መንገዱ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል። የጥምዙ ዋና ዓላማ ግን ሞተሩ እየዞረ መሆኑን ለምድር ሠራተኛ ማሳየት ነው። ማታና በጭጋግ ብዙም አይረዳም።

«አብራሪው ሞተሩን ካጠፋ አበቃ።» ነዳጁ ቢቋረጥም ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል።

«ከኋላ መቆምም ያሰጋል።» ይህስ እውነት ነው፤ የ737 ሞተር በሚኒሞ እያለም ከኋላው 30 ሜትር ያህል መራቅ ይገባል።

«የሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የመንገደኛ አይደለም።» ተረት። ከወገራ ብርድ በጋቢ ተጠቅልሎ የመጣ ሰው፣ የመሳፈሪያ ድልድይ በሌለበት ሜዳ ወደ አውሮፕላኑ በእግሩ ሲሄድ፣ ጋቢውን ወይም ነጠላውን አጥብቆ ይያዝ፤ ፌስታልም አይጣል። ባርኔጣው ቢበርበት ተከትሎ አይሩጥ፤ ለሠራተኛው ይንገር። ሠራተኛውም ቢሆን ቀዩ ብልጭታ ሳይጠፋ ሊያነሣለት አይሄድም።