በደጋው ውርጭ የናፍጣ ተሽከርካሪ ለምን አልነሳም ይላል?

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ አካባቢዎች፣ በከላላ፣ በለጋምቦ፣ በቦረናና በአጎራባች ወረዳዎች ከፍተኛ ቦታዎች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የሌሊቱ ውርጭ ይበረታል። በዚህ ወቅት ማለዳ ላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር ግቢ የቆመ የናፍጣ ተሽከርካሪ ቁልፉ ደጋግሞ ቢዞርም አልነሳ ማለቱ የተለመደ ነው። ተሽከርካሪው ለመስክ ሥራ የሚወጣ ከሆነ የሚጠፋው የሥራ ሰዓት ነው። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ አምቡላንስ ከሆነ ግን የሚጠፋው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

የችግሩ መነሻ ብዙ ጊዜ የጣት ያህል ርዝመት ያላት አንዲት ዕቃ ናት። ይህችም የማሞቂያ ካንዴላ ናት።

የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላው በሚፈጥረው የእሳት ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር አምቆ በእጅጉ ያግለዋል፤ የሚረጨው ናፍጣም በዚሁ ግለት ይቀጣጠላል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተግባር ያሳየው ሞተር መሠረቱ ይህ ነው።

በደጋ ይህን ግለት ማግኘት ያስቸግራል። ከባህር ወለል በላይ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ በባህር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ወደ ሲሊንደር የሚገባው አየር ይሳሳል። ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረው የሞተር ብረትም በእመቃ የተገኘውን ሙቀት ወዲያው ይመጥጠዋል። የሞተር ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ሞተሩን የሚያዞረው በዝግታ ነው። ባትሪውም ቢሆን በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አቅሙ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ክፍተቱን የምትሞላው የማሞቂያዋ ካንዴላ ናት። በአብዛኛው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ካንዴላ ይገጠማል። ለአብነት በገጠር ወረዳዎች የሚታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር 6 የማሞቂያ ካንዴላዎች አሉት። ቁልፉ ከማስነሻው በፊት ወዳለው እርከን ሲዞር ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሬሌ በኩል ያልፍና የካንዴላዎቹን ጫፍ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ያግላል። በዚህ ጊዜ በዳሽቦርዱ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ምስል ያለው ቢጫ መብራት ይበራል። አሽከርካሪው ሞተሩን ማስነሳት ያለበት መብራቱ ሲጠፋ ነው። በቆዩ ሞተሮች ይህ ጊዜ በብርቱ ብርድ እስከ 20 ሰከንድ ሊደርስ ይችላል፤ በአዳዲሶቹ ግን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ናቸው።

በዚሁ ስም የሚታወቅ ዕቃ በትናንሽ የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮችም ላይ ይገኛል። አሜሪካዊው ሬይ አርደን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ለገበያ ያቀረበው ይህ ካንዴላ የፕላቲነም ሽቦ ያለው ሲሆን፣ ሞተሩ በ1.5 ቮልት ገደማ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ሽቦው ግለቱን የሚጠብቀው ከሜታኖል ነዳጁ ጋር በሚፈጥረው ኬሚካዊ ግንኙነትና በቃጠሎው ሙቀት ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግን ሽቦው እየቀዘቀዘ ሞተሩ በአየር ላይ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ባለሙያዎች በአውሮፕላኑ ውስጥ ትንሽ ባትሪና የነዳጅ መስጫው ሲቀነስ የሚበራ ማብሪያ ይገጥማሉ። ብዙዎቹ ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮችም ከተነሱ በኋላ ካንዴላዎቹን ለተወሰነ ጊዜ እያጋሉ ይቆያሉ። የሁለቱም ዓላማ ያልሞቀ ሞተር እንዳይጠፋ መደገፍ ነው።

የማሞቂያ ካንዴላ ብልሽት አስቸጋሪነቱ ተደብቆ መቆየቱ ላይ ነው። ካንዴላዎቹ አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹ መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ፣ በሞቃት ወራት ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ወርዶ በሚሠራ ተሽከርካሪ ላይ ጉድለቱ አይታወቅም። የሚጋለጠው ኅዳር ሲገባ ነው። በብዙ የቆዩ ተሽከርካሪዎች ቢጫው መብራት በጊዜ ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ መብራቱ መብራቱና መጥፋቱ ካንዴላዎቹ ለመጋላቸው ማረጋገጫ አይሆንም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚንዘፈዘፍና ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ግን ምርመራ እንደሚያስፈልገው ምልክት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከካንዴላዎቹ ይነቀልና የእያንዳንዱ ተቃውሞ በቴስተር ይለካል። ደህናው በአብዛኛው ከ2 ኦሆም በታች ሲያሳይ፣ የተቃጠለው ምንም ዓይነት ግንኙነት አያሳይም። ሁሉም ደህና ከሆኑ ፊውዙና ሬሌው ይታያሉ። በግዥ ወቅት የቮልት ልኩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የ12 ቮልት ካንዴላ በ24 ቮልት መስመር ላይ ፈጥኖ ይቃጠላል፣ የ24ቱ ደግሞ በ12 ቮልት በበቂ አይግልም።

በአንጻሩ ሞተሩን ለማስነሳት በአየር ማጣሪያው በኩል ቤንዚን ወይም ሌላ ፈጥኖ የሚቀጣጠል ፈሳሽ መጨመር አደገኛ ነው። ፈሳሹ ከጋለው ካንዴላ ጋር ሲገናኝ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር፣ ሰውም ሊያቃጥል ይችላል። ከሞተሩ ሥር እሳት ማንደድም ሽቦዎችንና የነዳጅ ቱቦዎችን ለቃጠሎ ያጋልጣል። ሞተሩን ሌሊቱን ሙሉ ሳያጠፉ ማሳደርም የሕዝብ ሀብት የሆነውን ናፍጣ በከንቱ ማቃጠል ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ቢከለከልም፣ በሥራ ላይ ያሉት የናፍጣ ተሽከርካሪዎች ገና ለዓመታት ያገለግላሉ። ስለሆነም የየመሥሪያ ቤቱ የስምሪትና የጥገና ኃላፊዎች የማሞቂያ ካንዴላንና የባትሪን ምርመራ ውርጩ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ በጥገና ዕቅዳቸው ሊያካትቱት ይገባል። ለምርመራው ቅድሚያ ማግኘት ያለባቸው አምቡላንሶች ናቸው። አሽከርካሪዎችም ቢጫው መብራት እስኪጠፋ መጠበቅን የዘወትር ልማዳቸው ማድረግ አለባቸው። ማለዳ ላይ የምትታገሥ 20 ሰከንድ ሞተሩን ከጉዳት ታድናለች፤ አምቡላንሱ ሲጠራም በሰዓቱ እንዲደርስ ታስችላለች።