በካርቱም የተመዘገበው የጅብ ጨዋታና የጀማሪ ጨዋታ መሪ ፈተና

ሊዕብ አል መራፊብ፣ ማለትም የጅብ ጨዋታ፣ በሱዳን ዓረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ አሸዋ ላይ መንገድ እየተጫረ የሚጫወቱት የሩጫ ጨዋታ ነው። ሕጉ በጽሑፍ የተመዘገበው አር. ዴቪስ የተባለ ጸሐፊ ስለ ዓረብ ጨዋታዎችና እንቆቅልሾች ያዘጋጀውን ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በካርቱም ይታተም በነበረው «ሱዳን ኖትስ ኤንድ ሬከርድስ» መጽሔት ላይ በ1925 ባወጣ ጊዜ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሐኪም አር. ሲ. ቤል ደግሞ በ1960 ባሳተመው የገበታ ጨዋታዎች መጽሐፍ አካቶ ለሰፊው አንባቢ አድርሶታል።

ለመጫወት የሚያስፈልገው ከደጅ የሚገኝ ነገር ብቻ ነው። እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል የተጠማዘዘ መስመር አሸዋው ላይ ይጫርና በላዩ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ጎድጓዳ የአንድ ቀን መንገድ ይባላል፣ በውጭ በኩል ያለው ጫፍ መንደር፣ መካከሉ ደግሞ የውሃ ጉድጓድ ነው። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሳት ጠጠር እናቱ ናት፤ ልብስ ልታጥብ ወደ ውሃው ወርዳ ወደ መንደሯ መመለስ አለባት። በዳይስ ፋንታ የሚወረወሩት ለሁለት የተሰነጠቁ ሦስት ትንንሽ እንጨቶች ሲሆኑ፣ ባንድ ወገናቸው አረንጓዴ ቅርፊት፣ በሌላው ነጭ እንጨት ይታይባቸዋል። አንድ ነጭ ከታየ «ታባ» ይባላል፤ ሁለት ነጭ ሁለት፣ ሦስት ነጭ ሦስት፣ ሦስቱም አረንጓዴ ከሆኑ ደግሞ ስድስት ይቆጠራል። ተጫዋቹ ሁለት እስኪወጣበት ድረስ እየደጋገመ ይወረውራል፣ ሁለት ሲወጣ ግን ተራውን ለሚቀጥለው ያስረክባል።

ታባ የዚህ ጨዋታ ገንዘብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናት ያለ ታባ ከመንደር አትወጣም፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ታባ እየተቆጠረ ይጠራቀምና ውሃው ዘንድ ስትደርስ ልብስ ለማጠብ ሁለት፣ ለመመለስ ደግሞ ሌላ ሁለት ይከፈላል። ቀድማ ወደ መንደር የተመለሰችው እናት ባለቤት ሁለት ታባ ከፍሎ ጅብ ይለቃል፤ ጅቡ በእጥፍ ፍጥነት ወደ ውሃው ይገሰግሳል፣ አሥር ታባ ከፍሎ ከጠጣ በኋላ ሲመለስ በመንገድ ላይ የደረሰባቸውን የሌሎች እናቶች ይበላል። ዕድል ቦታ የሌለውን ገበጣ የለመደ ሰው ይህን ተራ የዕጣ ጨዋታ አድርጎ ሊንቀው ይችላል፤ ሆኖም እዚህ እያንዳንዱ ቁጥር በተረት ውስጥ የራሱ ምክንያት ያለው በመሆኑ፣ ተጫዋቾች የሚሆነውን በቃል እየተረኩ ከሚጫወቱት ከዘመናዊው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በታተመ መልኩ የጀመረው ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ባወጡት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሕይወት ሲይዝ፣ ጨዋታ መሪ የሚባለው ደግሞ ዓለሙን ይገልጻል፣ ሕጉን ይተረጉማል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ያሻሽላል። ጀማሪውን መሪ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን የሀኪንግ ሕግ፣ ማለትም አንድ ገጸ ባሕርይ የኮምፒውተር መረብ ሰብሮ የሚገባበት ሥርዓት ነው። በ1989 እንደወጣው «ሻዶውራን» ባሉ ጨዋታዎች ሀከሩ መረቡ ውስጥ ብቻውን ገብቶ በር በበር ሲያልፍ፣ ጓደኞቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ሥራ ፈትተው ይጠብቁታል። ጀማሪው መሪ ብዙ ጊዜ ችግሩን በሕጉ ውስብስብነት ያመካኛል፤ ጥፋቱ ግን ያለው በተራው ርዝመት ላይ ነው።

የጅብ ጨዋታ ይህን በቁጥር ያሳያል። እንጨቶቹ በሁለቱም ወገን እኩል የመውደቅ ዕድል አላቸው ቢባል ሁለት ነጭ የሚታየው ከስምንት ውርወራ በሦስቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ተራ በአማካይ ከሦስት ውርወራ ትንሽ ያነሰ ይሆናል። አንድ መሪ ጨዋታውን ለማድመቅ አስቦ ተራው የሚያበቃው ሦስት ነጭ ሲታይ እንዲሆን ቢደነግግ፣ ከስምንት አንዴ ብቻ የሚመጣ ነገር ስለሚጠበቅ አማካዩ ወደ ስምንት ውርወራ ያድጋል፤ ያን ጊዜ አንዱ ሲወረውር የቀሩት አሸዋ እየቆረቆሩ ይቀመጣሉ። በአንጻሩ የጎድጓዳዎቹ ብዛት በቁጥር አልተወሰነም፣ መንገዱን የሚጭረው ሰው እንደፈለገ ያረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል፤ የጨዋታው አቋም በዚህ አይናጋም። የትኛው ሕግ ጨዋታውን እንደሚሸከም፣ የትኛው ደግሞ ለመሪው ፈቃድ እንደተተወ መለየት ከማሻሻል በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

ስለዚህ የሀኪንግ ሕግን የሚያቃልል መሪ አሥር በር ያለውን መረብ ወደ አንድ ወይም ሁለት ውርወራ ቢያሳጥረው፣ በዚያው ቅጽበት ሌላው ተጫዋች ዘበኛውን በወሬ እንዲያዘናጋ፣ ሦስተኛው መኪናውን አስነስቶ እንዲጠብቅ ቢያደርግ፣ ጠረጴዛው በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይንቀሳቀሳል። በ2020 የወጣው «ሳይበርፐንክ ሬድ» ወደዚህ ያዘነበለ ነው፤ ሀከሩ ከሩቅ ቤት ተቀምጦ ሳይሆን ከጓደኞቹ ጋር በአካል ወደ ሥፍራው መጠጋት አለበትና አደጋው የጋራ ይሆናል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው የብርቱው ገጸ ባሕርይ ዋጋ ነው፤ የፈለገውን በር በነጻ የሚከፍት ሀከር የሌሎቹን ድርሻ ያጠፋልና። የጅቡ ጨዋታ ፈጣሪዎች ይህን በጥማት አስተካክለውታል። ከላይ በተጠቀሰው ሒሳብ አንድ ተራ በአማካይ አንድ ታባ ስለሚያስገኝ፣ የተጠራቀመ ታባ የሌለው ጅብ ለመጠጣት ወደ አሥር ተራ ያህል ውሃው አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ይኖርበታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቶቹ ያጠቡትን ልብስ ይዘው በአጠገቡ እያለፉ ወደ መንደር ያቀናሉ።